በጥላሸት ላይ የተለጠፈ ጄሶ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዋሻው ቤተ ክርስቲያን የነበርነውን አንድ በአንድ ላስቀምጥ። መምሬ ነበሩ፤ የደብሩ አስተዳዳሪና የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው፤ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መጋረጃ ፊት ቆመዋል። ገበዙ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍና ንዋይ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ከበሮው አጠገብ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ታላቅ ወንድሜ፣ ሰቆጣ ከተማ በግንበኝነት የሚኖረው፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መሰላል በአንድ እጁ ይዟል። እናቴ በሴቶች በኩል ዓምዱ ሥር ናት። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ወንድሜ ግቢ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ የልጁ የክርስትና አባት እንዲሆን ተመርጧል፤ እሱ ጫማውን አውልቆ ከበሩ ገባ ብሎ ቆሟል። የወንድሜ ሚስት አራስ ናትና መግባት አትችልም፤ ልጇን ታቅፋ ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጣለች፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ትሰማናለች። ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ ባትሪ ይዣለሁ። ልጁን ካልቆጠርን በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

የተሰበሰብነው ለአንድ ነገር ነው። በማግሥቱ እሑድ ልጁ አርባ ቀኑ ይሞላዋል፤ ክርስትና ይነሣል። የወንድሜ ሚስት ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም አርባ ሳይሞላቸው ቀብራለች። ይህን ስታረግዝ ተሳለች፦ ልጁ ከቆየላት፣ በአርባ ቀኑ ይህንኑ ዋሻ ገብታ በእመቤታችን ታቦት ፊት ልታቆርበው። ሌላ ደብር አይሆንም፤ ስለቷ እዚህ ነው። ታቦቱ ፊት ለመድረስ ደግሞ የሚታለፈው በጣራው ስንጥቅ ሥር ነው።

ስንጥቁን ያላየ እንዲገባው ልግለጸው። ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ መኪና ጥለን ቁልቁል በእግር የምንደርስበት ይህ ዋሻ ከአንድ ተራራ የተፈለፈለ ነው። ካህናቱ የሚያሸበሽቡበትና ሕዝቡ የሚቆምበት የፊተኛው ክፍል ጣራ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። ከደጁ በላይ ተነሥቶ የዚያን ሆድ ጎን ይዞ እስከ ዓምዱ ድረስ አንድ ጥቁር መስመር ይሄዳል። ሽማግሌዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቁት ይናገራሉ። ማንም አልፈራውም ነበር፤ በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ መሐል ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ወርዶ ሁለት ሴቶች ከሰገዱበት መካከል እስኪያርፍ ድረስ። ማንንም አልነካም። ገበዙ ድንጋዩን አንሥተው ማዕዘን ላይ አስቀመጡት።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከከተማ ተጠርቶ መጣ። ድንጋዩን በመዶሻ እየመታ አዳመጠ፤ ቢላ ወደ ስንጥቁ ሰደደ፤ ስለቱ ብቻ ገባ። ከዚያ ግንበኞች የሚያደርጉትን አደረገ፦ ጄሶ በጥብጦ በስንጥቁ ላይ አሻግሮ በሦስት ቦታ ለጠፈ። ጄሶ ሲደርቅ ደረቅ ብስኩት ማለት ነው። ድንጋዩ ጥቂት እንኳን ቢንቀሳቀስ ይሰበራል። ካልተሰበረ ድንጋዩ ባለበት አለ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጥቶ በባትሪ ያየዋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ውኃውም ከተራራው ሰርጎ ግድግዳውን ሲያረጥበው፣ ሦስቱም ጄሶዎች ምንም ሳይሆኑ ነጭ ሆነው ይታዩ ነበር።

«ይኸው» አለ ወንድሜ በዚያ ቅዳሜ። «አብራበት።»

አበራሁበት። አንድ ፀጉር የሚያህል መስመር እንኳን የለበትም።

«እንግዲህ ምን ቀረ? ነገ ልጄ ይገባል።»

ገበዙ ሳቁ። «አንተ ግንበኛ፣ ይህን ቤት የፈለፈለው ሰው ጄሶ ነበረው?»

«እሱ መላእክት ያግዙት ነበር ይባላል አባቴ። እኔን የሚያግዘኝ ይሄ ዝምተኛ ብቻ ነው» አለ ወደ እኔ እያመለከተ።

«እኔ የመጣሁት ክርስትና ላነሣ ነው» አለ ጎጃሜው ወደ ጣራው እያየ፤ «ብቻ ተዝካሬን እዚሁ እንዳትበሉ።»

«ያንተን ተዝካር ማን ይደግስልሃል? ሚስት የለህ» አሉ ገበዙ።

ሳቅን፤ ሳቁ ግን ጣራውን ነክቶ ሲመለስ አልወደድኩትም። እናቴ አልሳቀችም። ከራሷ ጋር በኽምጣኛ፣ በአገራችን የአገው ቋንቋ፣ ታወራለች፤ እናቴ በአማርኛ ትጸልያለች፣ ስትፈራ ግን ኽምጣኛዋ ይመጣል።

መምሬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጄሶው ልክ ሊሆን ይችላል» አሉ። «እኔ የግንብ ነገር አላውቅም። ግን ከፍልሰታ ወዲህ ሕዝቡን እዚህ ሳቆም ልቤ አያርፍም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም።»

«መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልብዎ አያርፍም ብዬ የልጄን ስለት ላስቀር?»

«አላልኩህም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጄሶውን ጠየቅህ። መዶሻውን ጠየቅህ። ጥሩ አደረግህ፤ እጅህ የተሰጠህ ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ ድንጋዩን የፈጠረውን እንጠይቅ። ዝም በሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በየልባችሁ ጠይቁ። መልሱን አስቀድማችሁ በእጃችሁ አትያዙ። 'ይግባ' ብላችሁ አትለምኑ፣ 'አይግባ' ብላችሁም አትለምኑ።»

ባትሪውን አጠፋሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ወይ ዜማ አለ፣ ወይ ጸናጽል፣ ወይ የሚያስል ሽማግሌ፣ ወይ የሚያለቅስ ልጅ። ያን ጊዜ ግን ልጁም ውጭ ዝም አለ። መጀመሪያ የሰማሁት የገበዙን ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር ውኃ ሲያዥ። መልሱን በእጄ እንዳልይዝ ስታገል ቆየሁ፤ የታዘዝነው ቀላል ነገር አልነበረም፤ እኔ እንዲገባ እፈልግ ነበር፤ ወንድሜ ሲያፍር ማየት አልወድም።

ከዚያ ከበሮው ተነካ።

የሰው እጅ አልነካውም። ከበሮው ሰፊው አፉ ወደ ላይ ሆኖ ከስንጥቁ ሥር ተቀምጧል። በቆዳው ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህል አፈር ወድቆ ጠብ አለ። ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ሁለት ተከታትለው። በዜማ ጊዜ፣ በወሬ ጊዜ፣ በሳቃችን ጊዜ ሊሰማ የማይችል ድምፅ ነው። ስንት ሳምንት ሲወርድ እንደቆየ አላውቅም።

መምሬም «ውጡ» አሉ።

አልጮሁም። ከብት ከበረት እንደሚያስወጣ ሰው ረጋ ብለው እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። እናቴ ቀድማ ወጣች፣ ጎጃሜው ጫማውን አንሥቶ ተከተለ፣ ገበዙን ደግፌ እኔ ወጣሁ፣ መምሬ ከኋላችን። ወንድሜ የመጨረሻ ነበር፤ ወጥቶም ደጁ ላይ ቆመ።

«አይጥ ነው» አለ። «የሌሊት ወፍ ነው። ዋሻ ውስጥ አፈር አይወርድም እንዴ? ጄሶው እኮ አልተሰበረም! ዓይናችሁ አላየም?»

ሚስቱ ከወይራው ሥር ተነሣች። «ምን ተባለ? ልጄ አይገባም ተባለ?»

«ይገባል» አላት። ወደ መሰላሉ ተመለሰ።

እናቴ ልብሱን ያዘች። «በማኅፀኔ!» አለችው። አስለቀቃት። መምሬ ከደጁ አልተንቀሳቀሱም፤ መንገድ ግን አልዘጉበትም። እኔን አይተው፣ «መሰላል የሚይዘው ከሌለ አይቆምም» አሉ። መፍቀድ ይሁን ማዘን አልገባኝም። ገብቼ መሰላሉን ያዝኩለት። ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ ወደ ላይ አበራሁ።

ከሥር ሆኖ ሲታይ ያ የድንጋይ ሆድ የሰማዩን ቦታ ሁሉ ይይዛል። ወንድሜ ወጣ። የመካከለኛውን ጄሶ ለማሳየት በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ የደረቀ የጄሶ ድምፅ ሰጠ። «ሰማህ?» አለኝ። ከዚያ ጫፉን ያዝ ሲያደርገው ጄሶው እንዳለ፣ ሳይሰበር፣ በእጁ ላይ ተኛ።

ጣቶቹን ጄሶው ወደነበረበት ቦታ ሲሰድ አየሁ። በፍልሰታ የቢላ ስለት ብቻ የገባበት ስንጥቅ ጣቶቹን እስከ ሁለተኛው አንጓ ዋጠ። እጁን ሲያወጣው ድንጋዩን እንዳይቀሰቅሰው የፈራ ይመስል በቀስታ ነበር። ወርዶ ጆሮዬ ሥር፣ «ሳትሮጥ ውጣ። መሰላሉን ተወው» አለኝ።

ውጭ ጄሶውን ገልብጦ በመዳፉ አሳየን። ፊቱ ነጭ ነው። ጀርባው እንደ ከሰል ጥቁር።

«ምንድን ነው?» አለ ጎጃሜው።

«ጥላሸት ነው» አለ ወንድሜ። «የዕጣን ጥላሸት። ጄሶው የያዘው ድንጋዩን ሳይሆን ጥላሸቱን ነው። ድንጋዩ ከኋላው ሲወርድ ጥላሸቱ ለቀቀው፣ ጄሶው ተንጠልጥሎ ቀረ። ለዚህ ነው ያልተሰበረው።»

«ጄሶ ሳይለጠፍ በፊት ድንጋዩ አይፋቅም እንዴ?» አለ ጎጃሜው።

«ይፋቃል። ማንም ተለማማጅ ያውቀዋል።» ወደ ገበዙ አየ። «እንዴት ልፋቀው? የስንት ዘመን ጸሎት ነው ያለበት። በመቧጠጫ ልነካው እጄ እንቢ አለኝ።»

ገበዙ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልፋቀው ብትል እኔም አላስፍቅህም ነበር» አሉ።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። ወንድሜን ያሳተው ድንቁርና አይደለም፤ ሥራውን ያውቃል። ትዕቢትም ነው ማለት ይከብደኛል። ያሳተው አክብሮት ነው፤ የቅዱሱን ቤት ጥላሸት አክብሮ ነው ሐሰተኛ ምስክር የተከለው። በራስ ማስተዋል መመካት ሲባል የተማሩ ሰዎች ኃጢአት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ደግነታችንም፣ ፍርሃታችንም፣ ለእግዚአብሔር ያለን አክብሮት እንኳን የእኛው ማስተዋል ሆኖ ሊያስተን እንደሚችል አየሁ። ያንኑ ዕለት ይህን ለመምሬ ብነግራቸው፣ «ለዚህ ነው ከጠየቅን በኋላ እንኳን እንደገና የምንጠይቀው» አሉኝ።

ወንድሜ ጄሶውን ወደ ገደሉ ሊወረውር እጁን አነሣ። መምሬ ያዙት። «አትጣለው። መለካት ኃጢአት አይደለም። ነገ ደግሞ በደንብ ፍቀህ ትለካለህ። ክብደትህን ሁሉ እሱ ላይ አትጣል ነው ያልኩህ።»

በማግሥቱ ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ አስቀደሰ። መምሬና ሌሎቹ ቀዳሾች በሰሜን በኩል ባለችው፣ ካህናት ብቻ በሚገቡባት ጠባብ በር ገቡ፤ እሷ ከስንጥቁ ራቅ ብላ በቀጥታ ወደ መቅደሱ ታስገባለች። ወንድሜ የመቅደሱን ጣራ ልይ ብሎ ለምኗቸው ነበር። «እኔ የተጠራሁበት ቦታ ነው፤ አልፈትነውም፣ አልሸሸውም» አሉት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ወንድሜ ዓይኑን ከዚያች በር አልነቀለም። ልጁ በክርስትና ቤቱ ተጠመቀ፣ ማተብ ታሰረለት፤ ሥጋ ወደሙን በሰሜኑ በር መድረክ ላይ ተቀበለ። እናቱ ከመድረኩ ወዲህ ቆማ አቀበለችው። ስትመለስ ፊቷን አየሁት፤ ደስታ አልነበረበትም።

ድንጋዩ እስከዛሬ አልወደቀም።

የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም ይኸው ነው። መምሬ በዐቢይ ጾም ዐረፉ፤ መቃብራቸው ከዋሻው ትይዩ ነው። የፊተኛው በር ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ቆየ፤ ከዚያ ፀሐይ የበዛባቸው ሽማግሌዎች ከደጁ ገባ ብለው መቀመጥ ጀመሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ሴቶች። ወንድሜ እየዞረ ይነግራቸዋል። «ያን ጊዜ ጄሶው ደህና ነው አልከን፣ አሁን ደግሞ ድንጋዩ ይወርዳል ትለናለህ፤ የቱን እንመን?» ይሉታል። ከተማ ሲመለስ የገዛ ቤቱን ግድግዳ በጣቱ አንጓ እየመታ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ።

የወንድሜ ሚስት ደግሞ ስለቷ ግማሽ እንደቀረ ታምናለች። በመጪው የእመቤታችን በዓል ልጁን ይዛ በፊተኛው በር ልትገባ ቆርጣለች። ልጁ አሁን ድክ ድክ ይላል፤ የሚያየውን ሁሉ «ምን?» ይላል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ለምኗት አልሰማ ስላለችው እኔን ላከኝ።

«እታለም» አልኳት፤ «መምሬ እኮ ውጡ ያሉን ጸልየው ነው።»

«ጸልየው ነው ወይስ ፈርተው?» አለችኝ። እህል እያበጠረች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እኔ ውጭ ነበርኩ፣ አላየሁም። ንገረኝ። ውጡ ያሉት አፈሩ ከበሮው ላይ ሳይወርድ ነው ወይስ ከወረደ በኋላ? ሳይሰሙ ካሉ እግዚአብሔር ነው የነገራቸው፤ ከስለቴ የፈታኝ እሱ ነው፣ እቀመጣለሁ። ሰምተው ካሉ ግን የሰው ጆሮ ነው፤ የሰው ጆሮ እኔን ከእመቤታችን ጋር ከገባሁት ቃል አይፈታኝም።»

ሳይወርድ ነው ብላት ያበቃ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ሳይወርድ ነው ትላለች፤ ትምላለችም። ወንድሜ ከወረደ በኋላ ነው ይላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ከላይ የጻፍኩት ቅደም ተከተል ጆሮዬ ላይ የቀረው ነው፣ ግን ባስታወስኩት ቁጥር የከበሮው የመጀመሪያ ድምፅና የመምሬ ድምፅ ይበልጥ ይቀራረባሉ፤ አንዳንዴ አንድ ላይ ይሆናሉ። ልጁን ለማትረፍ ብዬ በእግዚአብሔር ስም ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለት ደግሞ ሌላ ጄሶ ሌላ ጥላሸት ላይ መለጠፍ ነው።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳት። «ግን እስቲ አስቢው። ያ አፈር ሳምንታት ሲወርድ ነበር፤ ማናችንም አልሰማነውም። ዝም እንድንል ያደረገን ማን ነው?»

ሰፌዱን አቆመች። ልጁ ጉልበቷን ይዞ ቆሞ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እንደገና ማበጠር ጀመረች።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ከእኛ ጋር የነበራችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ገበዙ፣ ልጅዎ ዘንድ ከተማ እንደገቡ ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ከሁላችንም ይልቅ ለከበሮው ቅርብ ነበሩ። አንተም የክርስትና አባቱ፣ ወደ አገርህ ብትዛወርም ከበሩ አጠገብ ቆመህ ነበር፤ ዓይንህን ሳትጨፍን ቀርተህ ከሆነ አላፍርብህም፣ ደስ ይለኛል። ቀድሞ የመጣው የቱ ነው? የመምሬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያየ አለ? የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ የተውኩት ካለ ጨምሩልኝ። የማታስታውሱ ከሆነም አናስታውስም በሉ፤ ደስ እንዲላት ብላችሁ አትጨምሩ። ብቻ በዓሉ ሳይደርስ መልሱን ላኩላት፤ በእኔ በኩል ሳይሆን ለራሷ።